በሠረቀ እና በሰረቀ መካከል

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። የሚደውሉት ከደሴ ነበር፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው። ሰላምታቸውን በወጉ አድርሰው ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ ብሩን ከላክሁ ሦስት ሳምንት ሞላኝ፤ መጽሐፉ መቼ ነው የሚደርሰኝ?" አሉኝ።

እኛ መጽሐፍ ሸጠን አናውቅም። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አጫጭር ልብ ወለድ የምናወጣባት ትንሽ ድረ ገጽ አለችን፤ ለማንበብ አንድም ሳንቲም አይከፈልባትም። "እትዬ፣ የት አይተው ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "እናንተው ጋ ነዋ!" አሉ፤ ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ሊንኩን በቴሌግራም ላኩልኝ። ስከፍተው የራሳችን ገጽ ነው። አርማችን፣ ቀለማችን፣ ታሪኮቻችን ከነፊደል ግድፈታቸው። ከላይ ግን እኛ ያልጻፍነው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ የተመረጡ ታሪኮች በመጽሐፍ መልክ ሊወጡ ነው፣ ቀድሞ ለሚከፍል 450 ብር። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ።

ልዩነቱን ወዲያው አላየሁትም። ስማችን ውስጥ "ፀሐይ" የምትል ቃል አለች። አድራሻውን ስናስመዘግብ በላቲን ፊደል "ቲ"ን እና "ኤስ"ን አስከትለን ነበር የጻፍናት። ይኼኛው "ቲ"ዋን ጥሎ በ"ኤስ" ይጀምራል። የጎደለችው አንዲት ፊደል ናት። የመምህርቷ ብር በዚያች ቀዳዳ ነው የወጣው።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" እየተባልን ላደግን ሰዎች፣ ኢንተርኔት ላይ ስም በየዓመቱ ኪራይ የሚከፈልበት ነገር መሆኑ ራሱ ይገርማል። ኪራዩን ማን ይቀበላል? ስሙንስ ለማን ይሰጣል? የማይገባው ሰው ሲወስደው ማን ይጠየቃል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ መዝገብ ነው። ኮምፒውተሮች የሚጠራሩት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን ቁጥር አይያዝለትም። ስለዚህ በ1970ዎቹ፣ የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው አርፓኔት ላይ፣ የትኛው ስም የየትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ፋይል ነበር። ፋይሉን የሚይዘው ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ ያለ የምርምር ተቋም ነው፤ ክፍሉን የምትመራው ደግሞ ኤልዛቤት ፋይንለር ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ለእነሱ ያሳውቃል፤ እነሱ ይመዘግቡታል፤ ሌላው ሁሉ ፋይሉን ይገለብጣል። የዕድር ጸሐፊ ደብተር በሉት። አባላቱ ይተዋወቃሉ። የሌላውን ስም የሚወስድ የለም፤ ቢወስድስ ምን ይጠቅመዋል?

አባላቱ ሲበዙ ደብተሩ አልችል አለ። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ ተመራማሪ ዛሬም የምንጠቀምበትን ሥርዓት ነደፈ፤ ዲኤንኤስ ይባላል። አንዱ ትልቅ መዝገብ ተከፋፍሎ ለብዙ መዝገብ ያዦች ተሰጠ። "ኮም" የራሱ ያዥ አለው፣ "ኦርግ" የራሱ፣ የእኛው "ኢቲ"ም የራሱ። ማርች 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የተባለ የማሳቹሴትስ ኮምፒውተር አምራች የመጀመሪያውን የ"ኮም" ስም አስመዘገበ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሥርዓቱ ስም ፈልጎ ለመጣ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህ ስም ተይዟል ወይስ አልተያዘም? "አንተስ ማነህ? በዚህ ስም የሚጠራህ አለ ወይ?" የሚል ጥያቄ የለም። ቀድሞ የመጣ ይወስዳል። ዕድርተኞቹ ሲተዋወቁ ይህ ምንም ችግር አልነበረውም። ችግሩ የመጣው ዕድሩ ገበያ ሲሆን ነው፤ ደንቡ ግን የዕድር ደንብ እንደሆነ ቀረ።

* * *

ይህን መጀመሪያ ለሕዝብ ካሳዩት አንዱ ጋዜጠኛ ነው። በ1994 ጆሹዋ ኪትነር፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ አለማስመዝገባቸውን አይቶ፣ ወደ ማክዶናልድስ ስልክ ደወለ። ስለ ዶሜይን ስም በቅጡ የሚያውቅ ሰው አላገኘም። ስለዚህ "ማክዶናልድስ ነጥብ ኮም"ን በራሱ ስም አስመዘገበና "ዋይርድ" መጽሔት ላይ ጻፈው። በኩባንያው ዝነኛ ቀልደኛ ስምም ሮናልድ የሚል ኢሜይል አወጣ። በኋላ ስሙን የመለሰው ኩባንያው ለአንድ የብሩክሊን ትምህርት ቤት የኢንተርኔት መስመር ወጪ እንዲሸፍን ተስማምቶ ነው።

ኪትነር ቀልዶ አስተማረ። ሌሎች ግን ትምህርቱን እንደ ንግድ ወሰዱት። ዴኒስ ቶፐን የተባለ ሰው ከ100 በላይ የታወቁ ድርጅቶችን ስሞች ሰበሰበ። ከእነሱ አንዱ የፊልም ካሜራ አምራቹ የፓናቪዥን ስም ነበር። ኩባንያው ስሙን ሲጠይቀው 13,000 ዶላር አለ። ገጹ ላይ ምን ነበረ? ኢሊኖይ ውስጥ ያለች ፓና የተባለች ትንሽ ከተማ ፎቶዎች። "የፓና ዕይታ ነው እኮ!" ለማለት ነው። ፍርድ ቤት አልሳቀም። በ1998 የይግባኝ ችሎቱ ለፓናቪዥን ፈረደ።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ደንቦች ተከታትለው መጡ። በአሜሪካ፣ ስምን በክፉ ልብ አስመዝግቦ የተገኘን ሰው በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ካሳ ሊያስከፍል የሚችል ሕግ ወጣ። ለዓለም ደግሞ የስሞቹን ሥርዓት በበላይነት የሚያስተባብረው አይካን የተባለ ተቋም ከፍርድ ቤት ውጭ የሚታይ የዳኝነት መንገድ ዘረጋ። ከሳሽ ሦስት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ስሙ ከእኔ የንግድ ምልክት ጋር አንድ ነው ወይም ያምታታል። ሁለተኛ፣ ያስመዘገበው ሰው በስሙ ላይ መብት የለውም። ሦስተኛ፣ ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልብ ነው። ሦስቱም ከተሟሉ ስሙ ለከሳሹ ይተላለፋል። የመጀመሪያው ውሳኔ ጃንዋሪ 2000 ላይ በጄኔቫው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ተሰጠ። ከሳሹ የአሜሪካ የነጻ ትግል ድርጅት ነበር፤ ተከሳሹ ስሙን ባስመዘገበ በ3 ቀኑ ለራሱ ለድርጅቱ በ1,000 ዶላር ልሽጥልህ ብሎ ነበር። ስሙን ተነጠቀ።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። መንገድ አለ ማለት ነው! ከዚያ ዋጋውን አየሁ። እስከ 5 ስም ለሚደርስ ክስ፣ በአንድ ዳኛ፣ 1,500 ዶላር። እኛ ለስማችን በዓመት የምንከፍለው 15 ዶላር አይሞላም። አንድ ክስ የ100 ዓመት ኪራያችን ነው። ያውም የመጀመሪያውን ነጥብ ለማስረዳት የንግድ ምልክት ያስፈልጋል። የንግድ ምልክትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ እንኳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አገራችን ውስጥ አለ፤ መዝጋቢ መሥሪያ ቤትም አለ። እኛ ግን ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ልብ ወለድ እንለጥፋለን፤ ምልክት ማስመዝገብ በሐሳባችንም መጥቶ አያውቅ።

* * *

በዚህ መሀል ያነበብኩት አንድ ጉዳይ ንዴቴን ትንሽ አበረደው። ማይክ ሮው የተባለ የ17 ዓመት ካናዳዊ ተማሪ በስሙ ላይ "ሶፍት" ጨምሮ ለራሱ ትንሽ የድረ ገጽ ሥራ ገጽ ከፈተ። ሙሉውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ ማይክ ሮው ሶፍት። ማይክሮሶፍት ስሙን እንዲያስረክብ ጠየቀው፤ የምዝገባ ወጪህን 10 ዶላር እንተካልህ አለው። ልጁ 10,000 ዶላር አለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ሰውም ከልጁ ጋር ቆመ። በ2004 መጀመሪያ ተስማሙ፤ ስሙን ሰጠ፣ ኤክስቦክስ ጌምና ሌላም ሌላም ተሰጠው።

ልጁ ሌባ አልነበረም። ስሙ ነው። እኛ አገር ስማችን አንድ የሆነ ሰው ስናገኝ "ሞክሼ!" ብለን እንጨባበጣለን፤ ዝምድና ይመስለናል። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳሙኤል ቢኖር በአባት ስም ይለያሉ እንጂ ሁለቱ አይባረሩም። የዶሜይን መዝገብ ግን ሞክሼ አያውቅም። ስሙ የአንድ ሰው ነው፣ አለቀ። ስለዚህ ተመሳሳይ ስም ያለው ሁሉ ወይ በደንብ የቀደመ ነው ወይ የተቀደመ። ከዚያ የቀረው ክፍት ቦታ፣ አንዲት ፊደል የተገደፈበት፣ ሰረዝ የገባበት፣ መጨረሻው የተለወጠበት ስም ነው። አስመሳዮቹ የሚሰፍሩትም እዚያ ነው።

መጨረሻው የተለወጠ ስም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የአሜሪካ ቤተ መንግሥት በቂ ነው። እውነተኛው "ዋይትሃውስ" የሚያልቀው በ"ገቭ" ነው። "ዋይትሃውስ ነጥብ ኮም" ግን ከ1997 ጀምሮ ለዓመታት የብልግና ምስል መሸጫ ነበር። ለቤት ሥራው ስለ ፕሬዚዳንቱ ሊያነብ የገባ ተማሪ ስንት ጊዜ እንደደነገጠ ገምቱ።

ከዚያም የባሰ መጣ። በ2002 በእስራኤሉ ቴክኒዮን የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤቭጌኒ ጋብሪሎቪች እና አሌክስ ጎንትማኸር፣ የማይክሮሶፍትን ስም ከነ"ኮም"ሙ አስመዘገቡ። እንዴት? ሁለት የላቲን ፊደላትን አውጥተው በምትካቸው የሩሲያኛ ፊደላት አስገቡ። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፍጹም የተለያዩ ቁጥሮች። በ2017 ደግሞ ሹዶንግ ዠንግ የተባለ ተመራማሪ የአፕልን ስም ሙሉ በሙሉ በሲሪሊክ ፊደላት ጻፈው፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ላይ ከእውነተኛው ለመለየት የማይቻል ገጽ አሳየ። ክሮም ቶሎ ብሎ አስተካከለ።

* * *

ይህን ሳነብ ለመምህርቷ መልሼ ደወልኩ። የሆነውን ላስረዳቸው፣ ይቅርታም ልጠይቅ ነበር። "ቲ"ዋ እንደጎደለች ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ "ታዲያ እኔ ተሳስቼ ነው?" አሉኝ።

ምን ልመልስ? አልተሳሳቱም። አማርኛን በላቲን የመጻፍ አንድ የጸና ደንብ በእጃችን የለም። ያው አንድ ቃል በ"ቲ" እና "ኤስ" ይጻፋል፣ በ"ኤስ" ብቻ ይጻፋል፣ በ"ቲ" እና "ዜድ" የሚጽፈውም አለ፤ መጨረሻው በ"ዋይ" ወይም በ"አይ" ይሆናል። አዲስ አበባን እንኳ አንዱ በ"ኤ" ሌላው በ"ኢ" ይጽፋታል። እንግሊዛዊ ስሙን ሲሳሳት ስህተቱ ስህተት ነው። የእኛ አንባቢ ግን በጆሮው የሰማውን ነው የጻፈው። እኛ ከብዙ ትክክሎች አንዱን መርጠን አስመዘገብንና የቀሩትን ሜዳ ላይ ጥለን ሄድን።

"በራሳችን ፊደል ብትጽፉትስ?" አሉ መምህርቷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በዚያው ደንቦቹ በወጡበት ዓመት፣ በ1999 ነው። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት ስም የማስመዝገብ ወጥ አሠራር አለ፤ ኮምፒውተሩ ከውስጥ "ኤክስ ኤን" ብሎ በሚጀምር የላቲን ኮድ ይቀይረዋል። ግን እስቲ ፀሐይን ጻፏት። በፀሐዩ ፀ ወይስ በጸሎቱ ጸ? መሀሏ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ ወይስ ብዙኃኑ ኀ? ራብዕ ሆኖ ሃ፣ ሓ ወይም ኃ ቢሆንስ? ቁጠሩት፤ 2 በ6፣ 12 አጻጻፍ ነው። በአማርኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። ለኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ስሞች ናቸው። ለአስመሳይ ደግሞ 11 ባዶ ቤቶች።

እነዚህን ፊደላት ሰዋስው ስንማር ምን ብለን እንደምንጠራቸው ታስታውሳላችሁ? ሞክሼ ፊደላት።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ፊደሉን የሚያውቁ ባለሙያዎች ተሰባስበው የግዕዝ ፊደል በስሞቹ ሥርዓት አናት ላይ፣ ማለትም ከመጨረሻው ነጥብ ቀጥሎ በሚመጣው ክፍል፣ እንዴት እንደሚገባ ደንብ ሠርተው ነበር፤ በ2017 የአይካን ደንብ አካል ሆኗል። ያደረጉት ነገር በጣም ያስደስታል። ሞክሼዎቹን አንድ ላይ አሰሯቸው። አንዱ አጻጻፍ ከተያዘ ሞክሼው ለሌላ ሰው አይሰጥም። በትግርኛ ሀ እና ሐ ድምፃቸው የተለያየ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን አንድ መዝገብ ለሁሉም ስለሚሠራ፣ የአማርኛ አንባቢ እንዳይታለል ተብሎ ጥንቃቄው ተመረጠ። ደንቡ የሚገዛው ግን አናቱን ብቻ ነው። እኔና እናንተ ስም የምናስመዘግበው ከነጥቡ በፊት ባለው ክፍል ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ መዝገብ ያዥ የራሱ ደንብ አለው።

ስለ ሞክሼዎቹ ለመምህርቷ ሳወራ ሳቁ። አርባ ዓመት ያስተማሩት ነገር ነው። "ልጄ፣ በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ 'ወጣ' ማለት ነው፤ ፀሐይ ወጣች እንደምትለው። በእሳቱ ሰ ከጻፍከው ግን 'ሌባ ወሰደ' ነው። ተማሪዎቼ 'ምን ልዩነት አለው?' ይሉኝ ነበር፤ ይኸው 450 ብር ልዩነት አለው በላቸው።"

* * *

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ፤ ነገ የእናንተም ሊሆን ስለሚችል።

መጀመሪያ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ስክሪንሾት አነሣን፤ ቀኑና ሙሉ አድራሻው እንዲታይ አድርገን። ከዚያ አስመሳዩ ገጽ የተቀመጠበትን ሰርቨር አከራይ ፈልገን የማጭበርበር አቤቱታ ላክን። በ9ኛው ቀን ገጹ ወረደ። ስሙን የመዘገበው ድርጅት ግን ስሙን አልነካውም። ባንኩም ጉዳዩን ለፖሊስ አመልክቱ አለን፤ አመለከትን። ብሩ አልተመለሰም። ቢያንስ ሌሎች 6 ሰዎች እንደከፈሉ በኋላ አወቅን።

ቀጥሎ የራሳችንን በር አየን። ስም የሚሰረቀው በአስመሳይ ብቻ አይደለም፤ በመርሳትም ይጠፋል። በ1999 ገና ሰሞን ማይክሮሶፍት የ"ፓስፖርት" ስሙን 35 ዶላር መክፈል ረስቶ ሆትሜይል መግባት አቅቷቸው ብዙ ሰዎች ተጉላልተዋል፤ ማይክል ቼኒ የተባለ ፕሮግራመር ከራሱ ኪስ ከፈለላቸው። በ2015 ደግሞ ሳንማይ ቬድ የተባለ የቀድሞ የጉግል ሠራተኛ "ጉግል ነጥብ ኮም"ን በ12 ዶላር ገዝቶ ለ1 ደቂቃ ያህል ባለቤት ሆኗል። እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኛማ። ስለዚህ ክፍያው በራሱ እንዲታደስ አደረግን፤ ስሙ ያለ እኛ ፈቃድ ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ቆለፍን፤ መግቢያውን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አጠርን። ያቺ የቁልፍ ምልክት ያለችበት ገጽ ሁሉ የሚያገኘው የደኅንነት ሰርተፍኬት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ስለሚሰፍር፣ የእኛን የሚመስል አዲስ ስም ሲወጣ እሱን እያየን እንነቃለን። በነገራችን ላይ ቁልፏ መስመሩ የተጠበቀ ነው ትላለች እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ ነው አትልም። የአስመሳዩ ገጽም ቁልፍ ነበረው።

ዋናውን ያደረግነው ግን በመጨረሻ ነው። የአንባቢዎቻችንን ቡድን ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ጠየቅን፦ ስማችንን ሳታዩ፣ እንደመጣላችሁ፣ በላቲን ጻፉልን። 7 ዓይነት አጻጻፍ መጣ። ብዙ ሰው የጻፈው የእኛን አልነበረም፤ ያለ "ቲ" ያለውን ነበር። አስመሳዩ እኛ ያላደረግነውን አድርጎ ኖሯል፤ ሰው እንዴት እንደሚጠራን ሰምቷል።

ከቀሩት አጻጻፎች 4ቱን አስመዘገብን፤ የገንዘባችን ልክ እሱ ነው። ያቺ በ"ኤስ" የምትጀምረው አንድ ዓመቷን ጨርሳ፣ ያስመዘገበው ሰው ሳያድሳት ቀርቶ ስትለቀቅ ጠብቀን ወሰድናት። አሁን ማንም ሰው ቢጽፋት ወደ ዋናው ገጽ ታደርሳለች። በእሷ በኩል በየቀኑ ሰው ይገባል። ያለ አስመሳዩ እነዚህ ሰዎች የት ይደርሱ እንደነበር አስቤ አላውቅም ነበር፤ ባዶ ገጽ ያዩና ጠፍተናል ብለው ይመለሱ ነበር ማለት ነው።

ለመምህርቷ 450 ብራቸውን ሦስታችን አዋጥተን ልንልክላቸው ነበር። አልቀበልም አሉ። "እናንተ አልወሰዳችሁብኝ፣ ለምን ትከፍላላችሁ? ይልቅ መጽሐፉን አውጡት። እኔ እኮ ብሩን የላክሁት መጽሐፉን ፈልጌ ነው" አሉኝ።